ጤናዬ የሌለችበት ጃፓን

«ከፎቶው አንዱም ላይ የለችበትም ስልሽ! የጣዖት ቤት አለ፣ ድልድይ አለ፣ አጋዘን አለ፣ እሷ የለችም። … ላስ ቬጋስ? ማነው ያለው? … ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ፀዳለ፤ አብሬያት አልሄድኩ!»

ጤናዬ ይህን የሰማችው እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ ጠምጥማ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ነው። የወንድሟ ሚስት ትህትና የስልኩን እጀታ በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ሸጉጣ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ የስልኩ ሽቦ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ እስከ ዕቃ ማጠቢያው ተወጥሮ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ መስሏል። ጤናዬን ስታያት ደንገጥ አለችና ሽንኩርቱ ያስለቀሳት ለመምሰል ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «በይ ከሰዓት ትመጪ የለ፣ ያኔ እንጫወታለን» ብላ ዘጋች። ቤቱ ሁለት መኝታና አንድ ሳሎን ነው፣ ዴንቨር ጥግ ባለችው ኦሮራ ከተማ ውስጥ ከሃቫና ጎዳና ገባ ብሎ ያለ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፤ በአንደኛው መኝታ ወንድሟ ዳኛቸውና ትህትና፣ በሌላው ጤናዬ። ግድግዳው ስስ ነው፣ የጎረቤት ማስነጠስ ይሰማል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሰው ከሰው የሚሸሸግበት ሲያጣ ዝም ይላል።

ሌላ ቀን ቢሆን ጤናዬ ዝም አትልም ነበር። ትምህርቷ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቢቀርም አፏ አልቀረም፤ የመጣላትን እዚያው የምታፈርጥ ሴት ናት። ዛሬ ግን ለጠብ ጊዜ የላትም። ከነጋ ጀምሮ ልቧ ቆሟል፣ መቀመጥ አቅቷታል። ግንቦት ልደታ ዘንድሮ ቅዳሜ ላይ ውላለች፤ ማኅበርተኛው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚሁ ሳሎን ይሰበሰባል፤ ጤናዬም ጃፓኗን ከቤት ሰው ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታሳይ ነው። ከጉዞዋ ያመጣቻቸው የፎቶ ስላይዶች በክቡ ሳጥናቸው ውስጥ በተራ ተሰክተዋል። ፕሮጀክተሩን ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የአሮጌ ዕቃ መደብር በአሥራ አምስት ዶላር ገዝታዋለች፤ ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል እንጂ አምፖሉ ደህና ነው። ሌሊት ብቻዋን የመኝታ ቤቷን ግድግዳ እያበራችበት አይታዋለች፣ እንቅልፍም አልወሰዳትም።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከአንድ ካላንደር ነው። ጤናዬ ዳውንታውን ዴንቨር ውስጥ ካለ ፓርኪንግ መውጫ ላይ፣ ከቁም ሣጥን በማትሰፋ የመስታወት ቡዝ ውስጥ ተቀምጣ ቲኬት ትቀበላለች። አንድ የጎማ ነጋዴ የጃፓን ሥዕል ያለበት ካላንደር ሰጣት፤ ሰቀለችው። ዓመቱ አለቀ፣ እሷ ግን አላወረደችውም። ሰው መጥቶ ቀኑን አይቶ ሲሳሳት «እሱ ለቀን አይደለም» ትላለች። በመጨረሻ ረጅም ፈቃድ ሲሰጣት ዘመድ ሁሉ «መቼም አገርሽ ትገቢያለሽ» ብሎ ለሚልከው ዕቃ ኪሎ ሲመዝን፣ እሷ ከአሜሪካን ጡረተኞች ቡድን ጋር ተመዝግባ፣ ያገለገለ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በሚያዝያ መባቻ ጃፓን ሄደች። ይህን ይቅር ያላት ሰው እስካሁን የለም።

ዳኛቸው የታክሲውን ቁልፍ እያሽከረከረ ገባ። ወንድሟ ታናሿ ነው፣ ሰው ሲስቅበት የማይችል ሰው።

«እትዬ፣ ተነሺ ልበሺ። ያንን ጃፓን የለበስሽውን ካፖርት።»

«ወዴት ነው?»

«ጃፓን።»

ትህትና ቢላዋውን አስቀመጠች። ዳኛቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳ። ዮርክ ጎዳና ያለው የዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ የጃፓን አትክልት ቦታ አለ፤ ኩሬ አለው፣ የድንጋይ ፋኖስ አለው፣ የተጣመመ ጥድ አለው። ትናንት ተሳፋሪ አድርሶ በዓይኑ አይቶታል። «አንዲት ፎቶ ብቻ። ፋኖሱ አጠገብ ትቆሚያለሽ፣ እኔ ቀጭ፣ በአንድ ሰዓት ታጥቦ ይወጣል፣ አለቀ።»

«ሄጄ የመጣሁበትን አገር ሄድኩ ለማለት ዴንቨር ልሂድ?»

«ሰው የሌለበት ፎቶ ፖስትካርድ ነው፣ እትዬ! ያንቺው ደግሞ ሲበዛ አምሯል፣ ማን ያምንሻል? ኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ላይ ‹እህትህ ላስ ቬጋስ ቁማር ስንት በላች?› እያሉ ነው የሚቀበሉኝ። እባክሽ።»

ጤናዬ ልማዱን አጥታው አይደለም። እዚህ ከተማ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነሳው ፎቶ አለ፤ የሰው መኪና ተደግፎ፣ አንድ እጁን ጣሪያው ላይ ጥሎ። ዳኛቸው ራሱ የፓርኪንጉን አለቃ ቀይ መኪና ተደግፎ ተነስቶ ለእናታቸው ልኳል፤ መኪናው የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ እናታቸው ያየችው ልጇ መወፈሩን ነው። ጤናዬ ግን ጃፓን ላይ አሜሪካኖቹ «ስጪን፣ እኛ እናንሳሽ» እያሉ እጃቸውን ሲዘረጉ ካሜራዋን ወደ ደረቷ ትስብ ነበር። ፊቱ ከቆምኩ ይሸፈናል፤ የመጣሁት ደግሞ ላየው ነው። ነገሩ ለሷ ይኸው ነበር፣ ሌላ ምስጢር የለውም። የወንድሟን ፊት ስታይ ግን አንጀቷ አልቻለም። ካፖርቱን ለበሰች።

መናፈሻው በር ላይ ዳኛቸው የመግቢያውን ዋጋ ሲሰማ «ለዛፍ?» ብሎ ተቆጣና ከፈለ። ጤናዬ ገና ከመግባታቸው ያኮረፈችበትን ረሳችው። የጥዶቹ ቅርንጫፍ በገመድ ወደ ታች ተወጥሯል፣ ልክ እዚያ እንዳየችው፤ ድንጋዮቹ ግማሽ አካላቸው አፈር ውስጥ ተቀብሯል፣ ዛሬ የተቀመጡ እንዳይመስሉ። «ዳኙ፣ እየው እንግዲህ፣ መንገዱን ሆን ብለው ነው ያጣመሙት፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ እንዳታይ! እዚያ አንድ አትክልት ቦታ ገብቼ ጠጠር ብቻ፣ ውሃ የለ፣ አበባ የለ፣ ጠጠሩን እንደ እርሻ በመንሽ አበጥረውታል፤ ሰው ሁሉ እግሩን አጥፎ ቁጭ ብሎ ያየዋል። እኔም ቁጭ አልኩ። ቡድኑ ጥሎኝ ሄደ!» ዳኛቸው አልሰማትም። እሱ የሚያየው በካሜራው ቀዳዳ ነው፣ የሚያስጨንቀውም ሌላ ነገር ነው፤ ከኩሬው ማዶ የካውቦይ ባርኔጣ ያደረገ ረጅም ሰውዬ ቆሟል።

«ጃፓን ውስጥ ካውቦይ! እሱ ካልሄደ ጉድ ፈላ።»

ሰውየው አልሄደም። ዳክዬዎቹን ዳቦ አበላ፣ ሚስቱን ጠራ፣ ሚስቱም ባርኔጣ ነበራት። ዳኛቸው ላቡን ጠረገ። ጤናዬ ሳቋ መጣ፣ ሳቋን ዋጠችው። መንገዱ ሲጠራ «እጅሽን ፋኖሱ ላይ ጣል አድርጊ፣ ቀና በይ፣ ፈገግ» አላት፤ ጣል አደረገች፣ ቀና አለች፣ ፈገግ ግን አልመጣላትም። ቀጭ። ካፖርቱ ሞቋት ነበር።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ፣ ማጠቢያው ባለበት የገበያ ማዕከል ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አዩት። ዳኛቸው በደስታ ጉልበቱን መታ። ጤናዬ ድንጋዩን እንደ ሰው መኪና ተደግፋው የቆመችውን ሴት ለረጅም ጊዜ አየቻትና ፎቶውን መለሰችለት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎኑ ሞላ። በሩ ሥር ጫማ ተከምሯል፤ ሶፋው ላይ ያለው ፕላስቲክ በተቀመጡበት ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ የልደታ ንፍሮ በትልቅ ሳህን ዞሯል። ትህትና መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ነጭ አንሶላ በትንንሽ ሚስማር ወጠረች። እማማ አመለወርቅ፣ የማኅበሩ ታላቅ፣ ከፊት ባለው ወንበር ተቀመጡ። ፀዳለ፣ ያቺ ጠዋት በስልክ ስታወራ የነበረችው፣ የትህትና ጓደኛ፣ መሀል ሶፋውን ያዘች፤ አንደበቷ የማይጠገብ፣ ምላሷም የሚፈራ። ስለሺ፣ ዳውንታውን ሌላ ፓርኪንግ ላይ የሚሠራው ቀልደኛ፣ ቦታ አጥቶ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ። መብራት ጠፋ። ጤናዬ ፕሮጀክተሩን አበራች። የመጀመሪያውን ጫነች፤ ካጭ።

አንሶላው በቀይ ተሞላ። ቀይ በር፣ ከበሩ ኋላ ሌላ በር፣ ከዚያ ኋላ ሌላ፣ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣ የቀይ በሮች መንገድ፤ በሮቹ መሀል ደግሞ ጠዋት የገባች ቀጭን ፀሐይ ድንጋዩ ላይ ተኝታለች። አንድ ሰው «ውይ!» አለ። ጤናዬ ያንን «ውይ» ጨለማው ውስጥ በሁለት እጇ ልታቅፈው ቃጣት።

«ቆንጆ ነው» አለች ፀዳለ። «አንቺ የታለሽ?»

«የለሁም። አነሳለሁ እንጂ።»

ካጭ። ዝናብ ያረሰረሰው ጠባብ መንገድ፣ የእንጨት ቤቶች፣ በየደጃፉ የወረቀት ፋኖስ፣ ጃንጥላ ይዛ ጀርባዋን ሰጥታ የምትሄድ ሴት፣ ማጅራቷ እንደ ኖራ የነጣ።

«ይቺ አንቺ ነሽ?» አለ ስለሺ፣ ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ።

ካጭ። ባቡር ውስጥ በሱፍና በክራቫት ቆመው የተኙ ሰዎች። ካጭ። ቢጫ ቆብ ያደረጉ ሕፃናት በድልድይ ሲያልፉ፣ ከሥራቸው ውሃው በአበባ ቅጠል ተሸፍኖ ሐምራዊ ሆኗል። ይህችን ለማንሳት ጤናዬ ካንድ ጡረተኛ ጋር ተጣልታ ምሳዋን ትታለች፤ ሕፃናቱ ከትምህርት ቤት እስኪወጡ ጠብቃለች፤ መጠበቅ ደግሞ ሥራዋ ነው። ይህን ልትናገር አፏን ስትከፍት ከኋላ «ፖስትካርድ ነው» የሚል ሹክሹክታ ሰማች። «የሚሸጥ ነው እንጂ እንዲህ በጁ ያነሳ ማን አለ?» አለ ሌላው። ፎቶው ባማረ ቁጥር ሹክሹክታው በዛ። ካጭ። አጋዘን ሽቅብ እያየ ብስኩት ሲለምን። «አንቺስ?» ካጭ። ማታ የቶኪዮ መንገድ፣ መብራቱ ዝናቡ ላይ ፈስሶ። «እዚህስ የታለሽ?» እማማ አመለወርቅ ብቻ መነጽራቸውን አውልቀው አበሱና መልሰው አደረጉ።

ዳኛቸው አላስቻለውም። ተነስቶ መብራቱን አበራ፣ አንሶላው ባዶ ሆነ። «በቃ፣ በቃ! ይኸው የምትፈልጉት» አለና ፎቶዋን ለፀዳለ ሰጣት። ፀዳለ አየች፤ ቅንድቧ ተነሳ፤ ለጎኗ አቀበለች። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «አሃ! ይኸውላት!» «ካፖርቱ ያምራል።» «ወፍረሻል እንዴ?» «እልል በሉ እንጂ፣ ጃፓን ድረስ ሄዳ!» እልልታው ቀለጠ። ፀዳለ ጤናዬን ጉንጯን ሳመቻት፣ «እኔማ ድሮም አውቃለሁ፣ ሰው ነው የሚያወራው» አለች። ትህትና ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች፤ ዳኛቸው ደረቱን ነፋ። ወዲያው አንዱ ንፍሮ ይጨመርልኝ አለ፣ ሌላው ስለ ቤት ኪራይ አነሳ፣ ሌላዋ «በሉ እስቲ የነትርሲትን ሠርግ ቪዲዮ ክፈቱት» አለች። ስለሺ ተነስቶ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ከግድግዳው ነቀለ፣ ከኋላው ያለው ቴሌቪዥን እንዲታይ።

ጤናዬ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ታመነች። ያመኗትም ገና ግማሹ ሳይታይ ነው፤ አምነው ደግሞ ጨረሱ። ደሟ ፈላ።

«አንሶላዬን ተወው፣ ስለሺ!»

ሁሉም ዞሩ።

«ያ ፎቶ ጃፓን አይደለም። ዴንቨር ነው። ዮርክ ጎዳና፤ ዛሬ ጠዋት፣ ከዳኛቸው ጋር ሄደን የተነሳሁት ነው። ጃፓን ያለው እዚህ ውስጥ ነው!» ፕሮጀክተሩን በመዳፏ መታችው።

ዳኛቸው «እትዬ…» ብሎ ፎቶውን ከያዘው ሰው እጅ ነጠቀ፤ ፊቱን ማየት ያሳዝን ነበር። ትህትና ወደ ወጥ ቤት ገብታ ምንም የማያስፈልግ ቧንቧ ከፈተች። ፀዳለ እግሯን አጣምራ ተደላደለች፤ ይሄማ የሷ ሜዳ ነው።

«እንግዲያው አልሄድሽማ።»

«ጠይቂኝ።»

«ምን ልጠይቅሽ?»

«የፈለግሽውን! የት እንደተኛሁ፣ ምን እንደበላሁ፣ ሽንት ቤታቸው እንዴት እንደሆነ።»

«እሺ፣ ሽንት ቤታቸው እንዴት ነው?» አለች ፀዳለ ለፌዝ።

«እሱን እንኳ ባትጠይቂኝ ጥሩ ነበር» አለች ጤናዬ፤ አንዳንዱ ከወዲሁ ሳቀ። «ያረፍንበት ቤት የድሮ ቤት ነው፣ መሬቱ ሰሌን የለበሰ። ጫማ በር ላይ ይቀራል፣ ነጠላ ጫማ ይሰጡሻል። ሰሌኑ ላይ ስትደርሺ ነጠላ ጫማውም ይወልቃል። ሽንት ቤት ስትገቢ ደግሞ ሌላ ነጠላ ጫማ አለ፣ የሽንት ቤት ብቻ። ይሄን አስጎብኚው ነግሮናል። ግን እንግሊዝኛው ፈጣን ነው፣ እኔም ቸኩያለሁ። ጠዋት ገባሁ፣ ወጣሁ፣ በቀጥታ ቁርስ ቤት። ሰዉ ሁሉ በባዶ እግሩ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። እኔ በሽንት ቤት ጫማ ምግቡ መሀል፣ ሰሌኑ ላይ!»

«ውይ በሞትኩት!» አሉ እማማ አመለወርቅ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«አንድ ሰው አልተናገረኝም፣ እማማ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የቤቱ ባለቤት፣ እንደርስዎ ያሉ ትልቅ ሴት፣ ከተቀመጡበት ተነስተው መጡ፣ እግሬ ሥር ተንበረከኩ፣ ጫማዎቹን አንድ በአንድ ከእግሬ አወለቁ፣ ሰገዱልኝና ይዘዋቸው ሄዱ። እኔ ከነካልሲዬ። ካልሲዬ ደግሞ የተቀደደ ነበር።»

ስለሺ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። ፀዳለ ሳቋን ለመያዝ ብትሞክርም ፕላስቲኩ ሶፋ ከሥሯ መንኮሻኮሽ ጀመረ፤ በመጨረሻ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «በማርያም! እንዲህ ያለውንማ ለጉራ የሚፈጥረው የለም» አለች እያበሰች። «ሄዳለች፣ ሄዳለች! እኔ ብሆን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፍስም።» ዳኛቸው ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ትህትና ቧንቧውን ዘጋች፣ መጥታ የአንሶላውን ጫፍ ከስለሺ እጅ ተቀብላ መልሳ ወጠረችው፣ ከዚያም ማንም ሳይነግራት መብራቱን አጠፋች።

«ከመጀመሪያው ጀምሪልን፣ እትዬ» አለች በጨለማው። የጠዋቱን ነገር ከዚያ ወዲያ አንዳቸውም አላነሱትም።

ቀዩ በር ተመለሰ። አሁን ጤናዬ አፏ ተፈታ። በሮቹን ነጋዴዎች ናቸው ለስለት የሚያቆሙት አለች፣ ከኋላ በኩል የሰጪው ስም ተጽፎበታል። «ስለት!» አሉ ሴቶቹ፤ ስለትማ ይገባቸዋል። ነጭ ጓንት ያደረገ የፓርኪንግ ሠራተኛ የወጣችው መኪና ከዓይን እስክትጠፋ ጎንበስ ብሎ የሚሸኝበት ስላይድ ሲመጣ ስለሺ ብድግ አለ።

«እኔን መስሎ? ቲኬት የሚቀበል? እጅ ነስቶ ነው የሚሸኝ?»

«እንዲያውም መኪናዋን በአሳንሰር ነው ከፎቅ የሚያወርዳት። እኔ ደግሞ አጎንብሼ አጸፋውን መለስኩ፣ እሱም መልሶ ሰገደ፣ እኔም መለስኩ፤ ሰልፍ አስያዝን!»

«እዚህ እኔ ‹ሃቭ ኤ ናይስ ደይ› ብል እንኳ መልሶ የሚለኝ የለም» አለ ስለሺ፣ ከምሩ ነው ያለው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ ማንም አልሳቀም፤ አንሶላው ላይ ያጎነበሰውን ሰውዬ ለረጅም ጊዜ አዩት።

ቀጥሎ ዝናባማው ጠባብ መንገድ መጣ፣ ባለጃንጥላዋ ሴት። ፀዳለ ከልማዷ «አንቺ የ…» ብላ ጀምራ ራሷን ያዘች። ጤናዬ ግን ጥያቄውን ወደደችው።

«እኔማ እናንተ የተቀመጣችሁበት ቆሜያለሁ። እዚሁ ነኝ፤ እማማ ካሉበት ትንሽ ወደ ግራ። ከላይ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠብብኛል፣ ከኋላዬ ሰውዬ ዓሣ ይጠብሳል፣ ሽታው ምራቅ ያስውጣል። ሴትዮዋ የእንጨት ጫማ ነው ያደረገችው፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል፤ ከሩቅ ነው የሰማኋት፣ ጠብቄ ነው የያዝኳት።»

ፕላስቲኩ እንኳ አልተንኮሻኮሸም። እማማ አመለወርቅ ወንበራቸውን ወደ አንሶላው ሳብ አደረጉ፣ በአመልካች ጣታቸው መንገዱን ተከተሉት፣ ሴትዮዋን አለፏት፣ ፋኖሱን አለፉት፣ ቤቶቹ ተጠጋግተው መንገዱ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ስንታጠፍ፣ ልጄ፣ ወዴት ነው የሚያወጣን?»

ጤናዬ በጨለማው ፈገግ አለች። ታጥፋ ነበር።

ካጭ።